ስለ ቤት ጢስ፤ በደጋ አገር የቤት ውስጥ አየር እንዴት እንደሚነጻ የሚናገር ትምህርት

ዳባት ከጐንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወገራ ደጋ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2600 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ተራራ ሲወጡ ብርዱ እየጸና ይሄዳል። ስለዚህ ያገሩ ሰው ቤቱን ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ብርድን ስለ መከልከል ነው። ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፤ በሩ አንድና ጠባብ ነው፤ መስኮት በብዙ ጎጆ አይገኝም። በዚያው በአንዱ ቤት ሰውና ከብት ያድራሉ፤ እንጀራ ይጋገራል፤ ለጠላ የሚሆን ገብስ ይታመሳል፤ ሕፃንም ይተኛል። አሠራሩ ብርዱን በእውነት ይከለክላል። ዳሩ ግን ብርዱን በደጅ ያስቀረ ግድግዳ ጢሱን ደግሞ በውስጥ ያስቀረዋል።

ጢስ ምንድር ነው ቢሉ፤ ከእንጨትና ከኩበት ሳይቃጠል የቀረ ትርፍ ነው። እሳት ነፋስ ያላገኘ እንደ ሆነ፥ ወይም እንጨቱ እርጥብ የሆነ እንደ ሆነ፥ መቃጠል የሚገባው ሁሉ አይቃጠልም፤ የቀረውም ደቅቆ ወደ ላይ ይወጣል። ከፊሉ በጣራው ጥቀርሻ፥ በድስቱ ቂጥ ጥላሸት ይሆናል። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም የሚያበጁት ከዚሁ ጥላሸት ነው፤ በርሱም የተጻፈው ብዙ መቶ ዓመት ቈይቶ ሲነበብ ይታያል። ለብራና የተመረጠው ነገር ለሳንባ ግን ጠላት ነው። ይልቁንም የሚጐዳው በዓይን የማይታየው ነው፤ እርሱም አንድ ሚሊሜትር በሺህ ቢከፈል ከሁለት ክፍል ተኩል የማይበልጥ ትቢያ ነው። እንዲህ ያለው ትቢያ በአፍንጫ ጠጕር አይያዝም፤ እስከ ሳንባው ጥግ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደም ይገባል።

ከዚህ የሚመጣው በሽታ ብዙ ነው። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፥ በእናቶች ላይ የማይለቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር፥ የዓይን ሞራም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አስታወቀው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 በቤት ጢስ ምክንያት የሞተው ሰው 3 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ያህል ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከ230 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከአሥር ቤት በዘጠኙ ምግብ የሚበስለው በእንጨት፥ በከሰል፥ በኩበትና ይህን በመሰለው ሁሉ መሆኑ ታውቋል። በሽታው ከማን እንደሚጀምርም ግልጥ ነው፤ ከምድጃው አጠገብ ከምትውለው ሴትና በጀርባዋ ካዘለችው ልጅ ነው። ባልየው በእርሻ ይውላል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ጢሱን እንደ ትንሽ ነገር ይቈጥረዋል።

ሽማግሌዎች ግን፦ ጢስ ወጋግራውን ያጠነክራል፥ ከነቀዝም ይጠብቃል፥ ቁንጫንም ያባርራል ይላሉ። ስለ ወጋግራው የሚሉት ሐሰት አይደለም፤ በጢስ የጠቈረ እንጨት ቶሎ አይነቅዝም። ነገር ግን ወጋግራ አይተነፍስም፤ ሕፃን ይተነፍሳል። ቁንጫም ቢሆን የሚራባው በአቧራና በከብት መኝታ ስለ ሆነ፥ ቤትን መጥረግና ከብቱን ወደ በረት ማውጣት ከጢስ ይልቅ ያጠፋዋል።

መድኃኒቱ ከሁሉ አስቀድሞ ማድ ቤትን ከመኝታ ቤት መለየት ነው። ትንሽ ዳስ እንኳ ብትሆን ይበቃል። ይህ ያልተቻለው ሰው በቤቱ ሁለት ቀዳዳ ያውጣ፤ አንዱ ዝቅ ብሎ ነፋስ በሚመጣበት በኩል፥ ሁለተኛው ከምድጃው በላይ ከክዳኑ ሥር በማዶው ግድግዳ ይሁን። የሞቀ አየር ይቀላልና ወደ ላይ ይወጣል፤ በላይ መውጫ ካገኘ ጢሱን ይዞ ይሄዳል፤ በታችም በፋንታው ንጹሕ አየር ይገባል። መግቢያ ሳይኖር መውጫ ብቻ ቢከፈት ጢሱ ይዞራል እንጂ ደኅና አድርጎ አይወጣም። ቀዳዳው አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ቢሆንና የእንጨት መዝጊያ ቢደረግለት፥ እሳቱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ሌሊት ለብርዱ ይዘጋል። ክዳኑ ሣር የሆነ እንደ ሆነ የቆርቆሮ ጢስ መውጫ በሣሩ መካከል ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ ቤቱን ያቃጥላል፤ በግድግዳው በኩል ይውጣ፥ ዙሪያውም በጭቃ ይመረግ። የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሰው ደግሞ አይታለል። ጢስ በሣር ክዳን መካከል በጥቂቱ ይሰርጋል፤ በቆርቆሮ ግን አያልፍም፤ ስለዚህ አዲሱ ቤት ከአሮጌው ጎጆ ይልቅ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

ማገዶውም ይታሰብበት። በሰሜን ተራራ የሚበቅለው አስታ፥ ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ከተከለለ ወዲህ በክልሉ ውስጥ እንዳይቈረጥ ሕግ ጠብቆታል፤ ለብዙ ሰው የቀረው ባሕር ዛፍና ኩበት ነው። ኩበት ከደረቀ እንጨት ይልቅ ይጨሳል፤ ክረምት ያራሰው እንደ ሆነማ ዓይን አያስከፍትም። እንጨቱም ኩበቱም በበጋ ደርቆ ዝናብ በማይነካው ቦታ ይከመር፤ ግንዱ ይፈለጥ። በሚጋገርበትም ሰዓት ሕፃኑ ለአያቱ ወይም ለታላቁ ልጅ ይሰጥና በደጅ ይቈይ።

ስለ ምድጃ ብዙ ተሠርቷል። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ በግማሽ ያህል ማገዶ ይቈጥባል፤ ላቀች የተባለውም ለከሰል ነው። መልካም ናቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። በጓቴማላ ደጋ፥ ብርዱ እንደ ሰሜን በሆነበት አገር፥ ጢስ መውጫ ያለው ምድጃ ተሰጥቶ ሲመረመር ጽኑ የሳንባ ምች በሲሶ ያህል መቀነሱ በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተጽፏል። በማላዊ ግን ጢሱ ያነሰ ምድጃ ለብዙ ቤት ታድሎ፥ በ2017 ውጤቱ ሲገለጥ በልጆቹ የሳንባ ምች ላይ ልዩነት አልተገኘም፤ ቆሻሻ ሲቃጠልና ትምባሆ ሲጨስ ልጆቹ ሌላ ጢስ ይስባሉና።

አሁን ደግሞ ከጢስ የሚከፋው ነገር ይነገር። የከሰል ፍም ጢስ የለውም፤ ስለዚህ ሰው በብርድ ሌሊት ፍሙን ወደ መኝታው አግብቶ በሩን ይዘጋል። ከፍሙ ግን መልክም ሽታም የሌለው መርዝ ይወጣል፤ ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ መርዝ ከደም ጋራ የሚጣበቀው ለሕይወት ከሚያስፈልገው ኦክሲጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። አስቀድሞ ራስ ያማል፤ ማስመለስና ድካም ይከተላል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይሞታል። ቤተ ሰዎች በአንድ ሌሊት አብረው ያለቁበት በአገራችን ተደጋግሞ ተሰምቷል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ሲገኝ በሩ ይከፈት፤ ሰውየው ፈጥኖ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሎሚ ማሽተት መርዙን ከደም አያስወጣም። ሊያወጣው የገባውም ሰው በውስጥ አይቈይ።

መምህሩ ለተማሪዎች ነገሩን በዓይን ሊያሳይ ቢወድ፥ እኩል የሆኑ ሦስት ነጭ ጨርቆች ያዘጋጅ። አንዱን ምድጃ ባለበት ቤት፥ አንዱን ማድ ቤቱ በተለየ መኝታ ቤት፥ አንዱን በደጅ ዝናብ በማይነካው ጥላ ሥር ያንጠልጥል። በስምንተኛው ቀን ሦስቱን በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ጐን ለጐን ይስቀልና ልጆቹ ያዩትን በደብተራቸው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ጨርቆቹ ታጥበው ለሌላ ቤት ይዋሉ።