የዓባይ ሸለቆ መንገድ በብስክሌት፦ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና ፍሬኑ የሚያስተምሩን

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለውን ተረት ከወላጆቻችሁ አፍ ሰምታችሁ ይሆናል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁት እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማይል ሜዳ ላይ ነው። በዋራበሌ መንገዶች ላይ ብስክሌት ስትነዱ የሚፈትናችሁ ሙቀቱና ነፋሱ እንጂ ዳገት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ወደ ዓባይ ሸለቆ እንወርዳለን፤ ከዚያም ተመልሰን እንወጣለን። በክፍል የተማርነው ሒሳብና ፊዚክስ ከሰው ጉልበትና ከሰው ሕይወት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ይህን ያህል በግልጽ የሚያሳይ መንገድ ብዙ የለም።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና ጎሐ ጽዮን ሲደርስ የደጋው ሜዳ በድንገት ያልቃል። ከፊት ለፊት የሚታየው ጥልቅ ሸለቆ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርድና ድልድዩን ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ደጀን ይገባል። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ድልድዩ ደግሞ ወደ 1,050 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አሁን ተሽከርካሪዎች የሚያልፉበት የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቷል። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። የሸለቆው አፈር የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣልም። ይህ ለብስክሌተኛ ትልቅ ነገር እንደሆነ ኋላ እናያለን።

ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን በብስክሌት የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎችም ኢትዮጵያን ሲያቋርጡ ይህን ሸለቆ ይሻገሩ ነበር።

ዳገት በቁጥር

ለስሌታችን እንዲመች ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለውን የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር፣ የመንገዱን ርዝመት 20,000 ሜትር እንበል። 1,400ን ለ20,000 ስናካፍል 0.07 እናገኛለን፤ ይህም 7 ከመቶ ነው። በሌላ አነጋገር ብስክሌተኛው 100 ሜትር በሄደ ቁጥር 7 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ሰባት ሜትር የባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ነው። ይህን 200 ጊዜ ሳያቋርጥ ይደግመዋል።

አሁን ብስክሌተኛው 60 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 10 ኪሎ፣ በድምሩ 70 ኪሎ ይሁኑ። የመሬት ስበት ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል 70 × 9.8 × 0.07 ሲሆን ውጤቱ 48 ኒውተን ገደማ ነው። ይህ ከብስክሌቱ ጀርባ በገመድና በመዘውር የተንጠለጠለ 5 ኪሎ ጤፍ ያለማቋረጥ ወደ ኋላ የሚጎትት ያህል ነው። አምስት ኪሎ ቀላል ይመስላል። ለ20 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን ቀላል አይደለም።

ደጀን ለመድረስ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ የሚያስፈልገው ሥራ 70 × 9.8 × 1,400 = 960,400 ጁል ነው። ብስክሌተኛው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ በሁለት ሰዓት ከወጣው፣ 960,400ን ለ7,200 ሰኮንድ አካፍለን 133 ዋት እናገኛለን። ድሮ በየቤቱ የነበረውን የ100 ዋት አምፖል የምታስታውሱ ወላጆች፣ ያንን አምፖል ለሁለት ሰዓት በእግር ማብራት ምን እንደሚመስል አስቡት። ሰውነታችን ደግሞ ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአራት አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቀሪው በሙቀት መልክ ይወጣል። ስለዚህ ለዚህ አንድ ዳገት 1,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ምግብ ያስፈልጋል። ባዶ ሆዱን የሄደ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ልቡ ስለደከመ ሳይሆን ነዳጁ ስላለቀ ነው።

ማርሽ ለምን ያስፈልጋል?

የብስክሌት ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል። የፊተኛው ጥርስ 50፣ የኋለኛው 25 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ 4.2 ሜትር እንሄዳለን። ይህ ለሜዳ ጥሩ ነው። በ7 ከመቶ ዳገት ላይ ግን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ፔዳሉን በደቂቃ 32 ጊዜ ብቻ፣ በእያንዳንዱ ዙር ግን በከባድ ጉልበት መርገጥ ይጠይቃል። ጉልበት የሚያመው እንዲህ ሲነዳ ነው።

የፊቱ 34፣ የኋላውም 34 ሲሆን ግን አንድ የፔዳል ዙር 2.1 ሜትር ብቻ ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብንዞር በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል እንሄዳለን፤ እያንዳንዱ ርግጫም በግማሽ ይቀላል። ማርሽ ሥራን አይቀንስም። የምንወጣው ከፍታ ያው 1,400 ሜትር ነው፤ ሥራውም ያው 960,400 ጁል ነው። ማርሽ የሚያደርገው ከባዱን ሥራ ብዙ ትናንሽ ድርሻዎች አድርጎ ማከፋፈል ነው። ጠዋት ማታ ጥቂት ጥቂት ያጠና ተማሪ ለፈተና የሚቀልለው በዚሁ ሕግ ነው።

አየሩ

በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ይህን ለምዷል፤ ከጅቡቲ የሄደ ሰው ግን መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በሌላ በኩል ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ደጀን ላይ በብርድ ኮት የለበሰ መንገደኛ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ቆላ ገብቷል። ብስክሌተኛው ዳገቱን የሚጀምረው በሙቀት፣ የሚጨርሰው በቀጭን አየር ነው።

ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት

ብዙ ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ ቁልቁለቱን ይናፍቃል። አደጋው ግን ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዳገት ቢበዛ ያደክማል፣ ያስቆማል። ቁልቁለት አይምርም።

ስንወጣ ያጠራቀምነው 960,400 ጁል ስንወርድ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ፍሬን ሳንይዝ ብንለቀው ብስክሌቱ በቀጥታ መንገድ ላይ ያለ ፔዳል በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል። በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ6 ሜትር የሚቆም ብስክሌት፣ በ50 ኪሎ ሜትር 24 ሜትር ይፈልጋል። ጥምዝ ዞር ሲሉ የተሰነጠቀ አስፋልት ወይም የቆመ መኪና ቢያጋጥምስ?

በቀስታ ከወረድን ደግሞ አብዛኛው ጉልበት በፍሬኑ በኩል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙሉው 960,400 ጁል 3 ሊትር ለመሆን ጥቂት የቀረውን ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚቀበሉት አራት ትናንሽ የፍሬን ላስቲኮችና ሁለት ቀጭን ቸርኬዎች ናቸው። ፍሬኑን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ላስቲኩን ያቃጥላል፤ ቸርኬው ሲግል የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን አስታውሱ፦

• ፍሬን የሚያዘው ጥምዙ ውስጥ ሳይገቡ፣ ገና ቀጥታው ላይ ነው።
• ጠበቅ አድርጎ መያዝና መልቀቅ፣ እንደገና መያዝና መልቀቅ፤ በለቀቅነው ጊዜ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል።
• ሁለቱንም ፍሬኖች በአንድነት መጠቀም።
• ረጅም ቁልቁለት ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ቆም ማለት፣ ፍሬኑን ማቀዝቀዝ።

ይህ ሕግ የብስክሌት ብቻ አይደለም። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ መኪና ያንኑ ቁልቁለት ሲወርድ ከብስክሌተኛው 570 እጥፍ ያህል ጉልበት መጣል አለበት። ከመካከላችሁ አባቱ ወይም አጎቱ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ ዕቃ የሚያመላልስ ይኖራል። ጠይቁት። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ በሞተሩ ይዞ እንደሚወርድ ይነግራችኋል። ፍሬኑን የሚያስቀምጠው ለሚፈለግበት ሰዓት ነው። ሩቅ ለሆነ ቤተሰቡ በሰላም የሚያደርሰው ይህ ትዕግሥት ነው።

ብስክሌትና እኛ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው። በዚያ ጊዜ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ተልከዋል። አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶን ያሸነፈው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው። ብስክሌት ለእኛ እንግዳ ስፖርት አይደለም ማለት ነው። ሆኖም ሩጫ በሁሉም መንደር ሲስፋፋ ብስክሌት በጥቂት ከተሞች፣ ከሁሉ ይልቅ በመቀሌ፣ ተወስኖ ቆየ። አንዱ ምክንያት ዋጋው ነው፤ ለሩጫ እግርና መንገድ ይበቃሉ፣ ለውድድር ብስክሌት ግን ብዙ ገንዘብ፣ መለዋወጫና ባለሙያ ያስፈልጋሉ።

ቢሆንም በማይጨው የተወለደው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። በ2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ፣ በኮረብታማዋ ኪጋሊ ተካሄደ። ዳገትና ከፍታ የአህጉራችን ሀብት ናቸው ማለት ይቻላል።

እዚህ ጅቡቲ

እኛ ያለነው ሜዳ ላይ ቢሆንም ከከተማ ሲወጣ ወደ አርታ የሚያወጣ ዳገት፣ ወደ አሳል ሐይቅ የሚያወርድ ቁልቁለት አለ። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ሲሆን በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። እነዚያ ግን ለአዋቂና ለልምድ ያለው እንጂ ለልጆች ብቻቸውን የሚኬዱ መንገዶች አይደሉም፤ ከባድ መኪና ይበዛባቸዋል፣ ጥላ የለባቸውም። በሰፈር ውስጥም ቢሆን በጠዋት ወይም ፀሐይ ስትበርድ መንዳት፣ ውሃ መያዝ፣ የራስ ቆብ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለወላጆች አንድ አደራ አለን። ለልጅዎ ብስክሌት ሲገዙ ከቀለሙና ከደወሉ በፊት ፍሬኑን ይዩ። ሁለቱም ይይዛሉ? ላስቲኩ አላለቀም? ገመዱ አልላላም? ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት በሜዳ ላይ ጥፋቱ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ልጁ መቆም ባለበት ሰዓት ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ብስክሌተኛውና ብስክሌቱ በድምሩ 80 ኪሎ ናቸው። በ10 ኪሎ ሜትር መንገድ 500 ሜትር ከወጡ፣ ዳገቱ ስንት ከመቶ ነው? ስበትን ለማሸነፍ ስንት ጁል ያስፈልጋል?
2. በድምሩ 70 ኪሎ የሆኑ ሰውና ብስክሌት ከባሕር ጠለል ተነሥተው አሳል ሐይቅ ቢወርዱ ስንት ጁል ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል?
3. የፊቱ ጥርስ 34፣ የኋላው 17 ቢሆን አንድ የፔዳል ዙር ስንት ሜትር ያስኬዳል?
4. ከባድ መኪና የሚነዳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ቁልቁለት እንዴት እንደሚወርድ ጠይቃችሁ ግማሽ ገጽ ጻፉ።

መልስ፦ (1) 5 ከመቶ፤ 392,000 ጁል። (2) 106,330 ጁል። (3) 4.2 ሜትር። የአራተኛው መልስ ከእናንተ ይጠበቃል።