«ሰብር አድርግ» ከማለታችን በፊት



የሥራ ባልደረባችን መከራ ሲደርስበት ምን እናድርግለት? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ለቅሶ እንደርሳለን፣ መዋጮ እናሰባስባለን፣ «አይዞህ፣ የአላህ ሥራ ነው» እንላለን። ታዲያ ለቅሶ መድረሱ ራሱ ሲከለከልስ?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተከትሎም ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በዚያ ሰሞን የደመወዝ ክፍሉ ባልደረባችን እናት ወደ አኺራ ሄዱ። እቤቱ መሄድ ስላልቻልኩ ስለ ሰብር፣ ስለ ቀደርና ስለ አጅሩ ረጅም መልእክት ጻፍኩለት። (እውነቱን ለመናገር ጽሑፌ እኔኑ አስደስቶኝ ነበር።) መልስ አልሰጠኝም።

ገንዘብ ያዣችን ግን ደውላ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ «የወሩን የደመወዝ መክፈያ የት አድርሰኸው ነበር?» ስሰማ እኔ አፈርኩ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው የሥራ ነገር ይነሳል? እርሷ መዝገቡን ወስዳ ሁለት ቀን አምሽታ ጨረሰችው። ፈቃዱንም ራሷ አስፈረመችለት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እየደወለች ስለ እናቱ ትጠይቀዋለች፤ እርሱ ያወራል፣ እርሷ ታዳምጣለች።

ወደ ሥራ ሲመለስ አጫወተኝ። በዚያች ሌሊት ከሐዘኑ ጋር እንቅልፍ የነሳው፣ ሠራተኛው በእርሱ ምክንያት ደመወዝ ሳይደርሰው እንዳይቀር የሚለው ሐሳብ ነበር። የእኔን መልእክት እስከ ዛሬም ያነበበው አይመስለኝም።

ሲራውን መለስ ብዬ ሳስበው ነገሩ አዲስ አይደለም። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በሙእታ ሸሂድ ሲሆኑ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆቻቸውን አስጠርተው አቅፈው አለቀሱ። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለሆነም ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ልብ በሉ! እንባው ቀደመ፣ ቀጥሎ የቤቱ ሸክም ተነሳ። ስለ ሰብር መናገር ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከሚሰማው ይልቅ ተናጋሪውን ያሳርፋል።

በመሥሪያ ቤት ያ ምግብ ምንድን ነው? ያልተጻፈው ደብዳቤ፣ በር ላይ የቆመው ባለጉዳይ፣ ያልተፈረመው ፈቃድ ነው።

በቅርቡ የአንድ ባልደረባችን ወንድም በጠና ታሞ ሆስፒታል ገባ። እንደ ልማዴ መልእክት ልጽፍ ስልኬን አነሳሁ። ጥቂት አሰብኩና ትቼው፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ፋይል ወደ ራሴ ጠረጴዛ አጋዝኩ።