ልጁን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት

አንድ ልጅ ከብቱን ሳያጎድል ጠብቆ ይመለሳል። የተላከውንም በትክክል አድርሶ ይመጣል። ፊደል ሲቆጥር ግን ዛሬ ያወቀው ነገ ይጠፋበታል። አባት «ሰነፍ ነው» ይላል። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ልጁ ይገረፋል፤ በመጨረሻም ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህ ለልጁም ለቤተሰቡም ትልቅ ጉዳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስማት አንድ ነገር ነው፤ የሰሙትን ድምፅ መለየት ሌላ ነገር ነው። እስቲ «መጣ» እና «መታ» በሉ። የሚለያዩት በ«ጣ» እና በ«ታ» ብቻ ነው። «ቀበረ» እና «ከበረ»ም እንደዚሁ ናቸው። አንዳንድ ልጅ ጆሮው ደህና ሆኖ ሳለ ይህን ልዩነት ቶሎ አይይዘውም። ቃሉን ከፋፍሎ ለመስማትም ይቸገራል። ፊደል ደግሞ የድምፅ ምልክት ነው። ድምፁን ያልለየ ልጅ ምልክቱን ከምን ጋር ያስረው?

ይህ የአእምሮ ጉድለት አይደለም። ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ማንበብ ስላቃተው የ14 ዓመት ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ጽፎ ነበር። አስተማሪው ስለዚያ ልጅ ሲናገር፣ ትምህርቱ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር ብሏል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ጆሮው መግል የሚያወጣ ወይም ከኋላው ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

2ኛ/ ማታ እሳት ዳር በድምፅ አጫውቱት። «በሬ፣ በግ፣ በቅሎ በምን ይጀምራሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀጥሎ «ገ፣ በ፣ ሬ» እያለ ሦስት ጊዜ ያጨብጭብ። «ከገበሬ ላይ ገን ብናነሳ ምን ይቀራል?» በሉት። በሬ ይቀራል! ልጁ ይስቃል፤ ይማራልም።

3ኛ/ የለየውን ድምፅ ወዲያው መሬት ላይ በእንጨት ይጻፈው። ሊኔት ብራድሊ እና ፒተር ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 እንዳሳዩት፣ ድምፅ መለየትን ከፊደል ጋር አያይዘው የተለማመዱ ሕፃናት በንባብ ተሻሽለዋል።

4ኛ/ አትምቱት። ችግሩን ለአስተማሪው ንገሩ። እናንተም ፊደል የቆጠራችሁት በቅርብ ነው፤ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለው ልጅ ቀስ ይላል እንጂ ይማራል።

የመወያያ ጥያቄ፦ በሰፈራችሁ «ሰነፍ ነው» ተብሎ ከትምህርት የቀረ ልጅ አለን? ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰውስ ማን ነው?