ፍጥረት በጊዜ ውስጥ፦ ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫና ስለ ዝርያዎች መገኘት

«መምህር፣ በትምህርት ቤት የተማርነው ዝግመተ ለውጥ እውነት ከሆነ ኦሪት ዘፍጥረት ሐሰት ነውን?» ይህን ጥያቄ ያልሰማ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ጥቂት ነው። «ዝም ብለህ እመን» ብሎ መመለስ ወጣቱን ከሁለት አንዱን እንዲጥል ማስገደድ ነው፤ ምናልባትም የሚጥለው እምነቱን ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመን ትምህርቱ ምን እንደሚል በትክክል እንወቅ።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ተፈጥሯዊ ምርጫ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል። አንደኛ፣ የአንድ ዝርያ አባላት እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ሁለተኛ፣ ከልዩነቱ ብዙው ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። ሦስተኛ፣ ሁሉም በእኩል ዘራቸውን አይተኩም፤ ለአካባቢው የሚስማማ ጠባይ ያላቸው በብዛት ይተርፋሉ፣ ይዋለዳሉም። እንግዲህ የሚለወጠው አንዱ እንስሳ ብቻውን ሳይሆን፣ በትውልድ እየተተካ የሚሄደው ወገን ነው።

ለዚህ በዓይን የታየ ምስክር አለ። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በኢኳዶር ግዛት በጋላፓጎስ ደሴቶች መካከል በምትገኘው ዳፍኒ ሜጀር፣ ፊንች የሚባሉትን ትናንሽ ወፎች እየያዙና መንቁራቸውን እየለኩ ለአሥርተ ዓመታት አጠኑ። በ1977 ጽኑ ድርቅ ሆነ። ለስላሳዎቹና ጥቃቅኖቹ ዘሮች ተበልተው ሲያልቁ የቀሩት ትላልቅና ጠንካሮች ነበሩ። ከአንዱ የፊንች ዝርያ አብዛኞቹ ወፎች ሞቱ፤ ከተረፉት መካከል ጠንካራውን ዘር ለመስበር የሚችል ወፍራም መንቁር ያላቸው በዙ፤ ጫጩቶቻቸውም ይህንኑ ወረሱ። ማንም ወፍ ስለፈለገ መንቁሩን አላወፈረም። በ1983 ከባድ ዝናብ ዘንቦ ጥቃቅን ዘር ሲበዛ ደግሞ፣ በተከተሉት ዓመታት ትንሽ መንቁር ያላቸው ተጠቀሙ።

አዲስ ዝርያ የሚገኘውስ እንዴት ነው? የአንድ ዝርያ ወገኖች በቦታ፣ በመራቢያ ጊዜ ወይም በኑሮ ጠባይ ተለያይተው እርስ በርስ መዋለዳቸውን ሲያቆሙ፣ እያንዳንዱ ወገን በየራሱ መንገድ ይለወጣል። ልዩነቱ ከብዙ ትውልድ በኋላ ሲጠነክር፣ ቢገናኙም እንኳ እንደ አንድ አይዋለዱም።

ይህን ለመረዳት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በጣና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሏቸው፣ በሳይንስ ላቤዮባርቡስ የተባሉት ዓሦች 15 ያህል ዝርያዎች አሏቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉት ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ አግዷልና፣ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ቀርተው ኖረዋል። በደም እጅግ የሚቀራረቡ ሲሆኑ፣ አፋቸውና አካላቸው ግን እንደ ምግባቸው ይለያያል፤ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው። ከፊሎቹ በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ወደመሳሰሉ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ ሌሎቹ በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታመናል። ለመራባት ሲሰበሰቡ በወንዝ አፍ መረብ መጣል ቁጥራቸውን እጅግ እንደጎዳም ተረጋግጧል፤ ይህን የጊዜ ሥራ በአንድ ትውልድ ማጥፋት የፈጣሪን አደራ መብላት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች? ቅዱስ አውግስጢኖስ፣ የዛሬውን ሳይንስ ባያውቅም፣ እግዚአብሔር በፍጥረት ውስጥ እንደ ዘር ያሉና በጊዜያቸው የሚገለጡ ኃይላትን እንዳኖረ አስተምሮ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 «ሁማኒ ጄኔሪስ» በተባለው መልእክታቸው የሰው አካል አመጣጥ እንዲመረመር ፈቀዱ፤ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር እንደምትፈጠር አጸኑ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በጥቅምት 1996 እ.ኤ.አ. ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት ዝግመተ ለውጥ ከግምት በላይ መሆኑን ተቀበሉ።

ሳይንስ ፍጡራን እንዴት እንደተለወጡ ይመረምራል፤ ኦሪት ዘፍጥረት ሁሉ ከማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይነግረናል። ይሁን እንጂ ከወፎች ሞት ለሰው ሕግ ማውጣት ስሕተት ነው። ደካማው ይጥፋ የሚል ትእዛዝ በሳይንስ ውስጥ የለም፤ በወንጌል ዘንድማ ደካማው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለግ ነው። ጠያቂውን ወጣት እንግዲህ አንገሥጸው፤ ፍጥረትን የሚመረምር ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የፈጣሪውን ሥራ እያነበበ ነውና።

ለውይይት
1. «ወፏ መንቁሯን አወፈረች» ማለት ስሕተት የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. በቁምስናችን የሚገኙ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ለማን ያቀርባሉ? ምንስ መልስ ያገኛሉ?
3. በአካባቢያችን ካለው ፍጥረት ለልጆቻችን ጠብቀን ማቆየት የሚገባን የትኛውን ነው?