ለጥንቸል የሚሰጥ ቅጠልና አበባ

እንስሳን ማሳደግ ለልጆች ርኅራኄንና ኃላፊነትን የሚያስተምር መልካም ልማድ ነው። በሌሎች አገሮች ልጆች ሃምስተር የተባለችውን ትንሽ እንስሳ እንደሚያሳድጉ፣ በእኛም ከተማ ጥንቸል የሚያሳድጉ አሉ። ሆኖም ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቀትም ያስፈልጋል።

በመርካቶ አጠገብ በሚገኝ አንድ ግቢ ያየነውን እንናገር። አንድ ልጅ ከጭማቂ ቤት ደጅ የተጣለ የአቮካዶ ልጣጭና ቅጠል ለጥንቸሉ ሰጣት። ሰው ዘወትር የሚበላው ፍሬ በመሆኑ ማንም አልከለከለውም። በማግስቱ ትንፋሽ አጥሯት አገኘናት፤ ሳይመሽም ሞተች። አቮካዶ፣ በተለይም ቅጠሉ፣ ፐርሲን የተባለ መርዝ አለው፤ ይኸውም የጥንቸልን ልብ ይጎዳል። ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ ስለማትችል የበላችውን መርዝ መልሳ አታወጣውም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር የሰውን አእምሮ ያስታል፣ ሲበዛም ይገድላል። ብዙ ጥንቸሎች ግን በውስጡ ያለውን አትሮፒን የተባለ መርዝ የሚያፈርስ ነገር በደማቸው ስላለ በቀላሉ አይጎዱበትም። እንግዲህ «እኛ እንበላዋለን» ወይም «ጥንቸሏ በልታዋለች» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1ኛ/ ዋናው ምግብ ያልሻገተ ድርቆሽ ይሁን፤ ንጹሕ ውኃም አይጓደል።

2ኛ/ ሰላጣና የካሮት ቅጠል በጥቂቱ እየተለማመደ ይሰጥ። ጥቅል ጎመን ሲበዛ ሆድ ይነፋል።

3ኛ/ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ጉሎና እንዶድ ፈጽሞ አይሰጡ።

4ኛ/ የጽጌረዳ አበባ በግቢ የበቀለና መድኃኒት ያልተረጨበት ሲሆን ጥቂት ቢሰጥ አይጎዳም። ከአበባ ሻጭ የተገዛው ግን የተባይ ማጥፊያ ሊኖርበት ስለሚችል አይሰጥ።

5ኛ/ ከገበያ መሬት የተለቀመ ቅጠል፣ በወለልም ተጎዝጉዞ የተረገጠ ቄጠማ አይሰጥ። የተገዛውም ቅጠል አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

6ኛ/ ልጆች ቅጠል ከቆረጡ ወይም ጥንቸል ከነኩ በኋላ፣ ምግብ ከመቅመሳቸው በፊት፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ክቡራን መምህራን፣ በትምህርት ቤታችሁ አካባቢ የሚበቅሉትን ዕፀዋት ለተማሪዎቻችሁ በየስማቸው ብታስተዋውቁ ታላቅ ውለታ ይሆናል። ልጁ ስሙን ያላወቀውን ቅጠል ለእንስሳው እንዳይሰጥ፣ ራሱም ወደ አፉ እንዳያስገባ ከተማረ፣ የጥንቸሉን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ሕይወት ጠበቀ ማለት ነው።