ተሽከርካሪን በንጽሕና መያዝ፦ የሙቀት፣ የግፊትና የሰበቃ ትምህርት

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ ተመልካቹን አስቀድሞ የሚማርከው የፈረሶቹ ጌጥና የጋላቢዎቹ ቅልጥፍና ነው። ለዚያች ዕለት ለመብቃት ግን ፈረሰኛው ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ሲሠራ ይከርማል። ፈረሱን ያጥባል፣ ገላውን ያሻል፣ ሰኮናውን አንሥቶ ይመለከታል፣ ከኮርቻው ሥር ገጣባ እንዳይወጣ ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል። ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ፈረሱን የሚያጥበው እጅ ቁስሉንም ሳይሰፋ የሚያገኘው እጅ ነው።

ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ መንገዶች ላይ ከፈረሱ ጎን ባጃጁ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ ሚኒባሱና የጭነት መኪናው ይመላለሳሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የአንድ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ የተመሠረተባቸው ናቸው። ሆኖም ለፈረስ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሞተር ሲነፈግ እናያለን፤ ተሽከርካሪን ማጠብና መንከባከብ የውበት ጉዳይ ወይም ገንዘብ የተረፈው ሰው ልማድ ተደርጎ ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን ቆሻሻና ቸልተኝነት በተሽከርካሪ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በፊዚክስ ሕግ የሚመራና በቁጥር ሊሰላ የሚችል መሆኑን፣ ከፍታውም እንደ አዊ በሆነ አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መሆኑን ነው። ለዚህም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርናቸው የሙቀት፣ የግፊትና የሰበቃ (የፍትጊያ) ሕጎች በቂ ናቸው።

ሞተር ምን ያህል አየር ይተነፍሳል?

የአንድ ባጃጅ ሞተር ይዘት 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 0.2 ሊትር ነው እንበል። በአራት ምት የሚሠራ ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ አየር ይስባል። በደቂቃ 4,000 ዙር ቢዞር 2,000 ጊዜ ይስባል ማለት ነው፤ ይህም በደቂቃ 400 ሊትር፣ በሰዓት 24,000 ሊትር ይሆናል። ሲሊንደሩ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ ትክክለኛው መጠን ከዚህ ጥቂት ያንሳል። ያም ሆኖ ያረፈ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ6 እስከ 8 ሊትር መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ትንሽ ሞተር የብዙ ሰዎችን ያህል አየር ለብቻው እንደሚስብ እንረዳለን።

በበጋ ወራት በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሞተር የሚስበው አየር አቧራ የተሞላ ነው። የመንገዱ ጠጠር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ ሲፈጭ የሚወጣው ብናኝ ብረትን ለመጫር የሚበቃ ጥንካሬ ያላቸው ቅንጣቶች አሉበት። በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ውፍረት ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ሽፋን የሚበልጥ አንድ ቅንጣት በመካከል ሲገባ ሁለቱን ብረቶች በአንድ ጊዜ ይነካል፤ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ የሚመላለሰው ፒስተንም ቅንጣቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ግድግዳውን ይፍቃል። ፋሻው ሲላላ የታመቀው ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል። በጭስ ማውጫው የሚታየው ሰማያዊ ጭስ የዚህ ምልክት ነው።

ይህን ሁሉ የሚከላከለው ዋጋው አነስተኛ የሆነው የአየር ማጣሪያ ነው። ከወረቀት የተሠራው ማጣሪያ በውኃ አይታጠብም፤ ቀስ ብሎ መታ መታ ተደርጎ ወይም ከውስጥ ወደ ውጭ በለዘብተኛ አየር ተነፍቶ ይጸዳል፣ ሲያረጅም ይለወጣል። ከስፖንጅ የተሠራው ግን በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት ይቀባል። «ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ» በሚል ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት የሞተሩን ዕድሜ መሸጥ ነው።

በደጋ ላይ ያለ ሞተር

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ፣ ዳንግላ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በእንጅባራ ወደ 74 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ወደዚህ ሲመጣ፣ የሚገባው ቤንዚን ለአየሩ መጠን ይበዛበታል። በዚህ ላይ ማጣሪያው ሲደፈን የአየሩ እጥረት ይብስና ያልተቃጠለው ካርቦን በጥቁር ጭስ መልክ ይወጣል። ጥቁር ጭስ ማለት ተገዝቶ ያልተሠራበት ነዳጅ ማለት ነው።

የግፊት ማነስ ሌላም ውጤት አለው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ በእንጅባራ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ያለው ተማሪ ይህን በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ በቀላሉ ሊያረጋግጥ ይችላል። የብዙ መኪና ሞተሮች መደበኛ የሥራ ሙቀት 90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ክፍት ራዲያተር ቢኖረን ውኃው ሊፈላ ጥቂት ብቻ ይቀረው ነበር ማለት ነው። ከዚህ የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ 90 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ከያዘ፣ በውስጡ ያለው ግፊት 164 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል፤ የመፍያው ነጥብም ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ጎማው የተሰነጠቀ አሮጌ ክዳን ግን ግፊቱን አይዝም። ሞተሩ ሲፈላ «ውኃ ጎደለው» እየተባለ በየመንገዱ ውኃ የሚሞላለት መኪና አንዳንድ ጊዜ የጎደለው ውኃ ሳይሆን ክዳን ነው።

ከዚሁ ሕግ የሚከተል ማስጠንቀቂያ አለ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። በውስጡ ከ100 ዲግሪ በላይ የደረሰ ውኃ ሊኖር ይችላልና፣ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ በቅጽበት ፈልቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

ጭቃ ሙቀትን ያፍናል

የባጃጅና የአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። በሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ሙቀቱን በሰፊ ገጽ ላይ በትነው ለነፋሱ ያስረክባሉ። ደረቅ ጭቃ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከአሉሚኒየም ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። በክረምት ክንፎቹ መካከል ገብቶ በበጋ የደረቀ ጭቃ ስለዚህ በሞተሩ ላይ እንደተደረበ ጋቢ ነው። የሚያፈስ ዘይት ያለበት ሞተር ደግሞ አቧራውን እንደ ሙጫ ይዞ ያስቀረዋል። ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሰበቃው ይጨምራል፣ ሰበቃው በተራው ሌላ ሙቀት ይፈጥራል።

ጭቃ ብረትንም ይበላል። ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውኃና ኦክሲጅን ሲገናኙ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ርጥበቱን ብረቱ ላይ ይዞ ይቆያል። የአዊ ገበሬ ማሳውን በኖራ የሚያክመው አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ ነው፤ አሲድነት ዝገትን እንደሚያፋጥን ደግሞ ከኬሚስትሪ ትምህርታችን እናውቃለን። ስለዚህ በክረምት ከተሽከርካሪው ሆድ ሥር ያለውን ጭቃ ማጠብ ከላይ ያለውን ቀለም ከማሳመር ይቀድማል።

ጎማና የነፋስ መለኪያ

ጎሚስታው ዘንድ ያለው መለኪያ የሚነግረን በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በእንጅባራ ማለዳ በ15 ዲግሪ 30 ፒ.ኤስ.አይ (207 ኪሎ ፓስካል) የተሞላ ጎማ ትክክለኛ የውስጥ ግፊቱ 207 ሲደመር 74፣ ማለትም 281 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ የዓባይን በረሃ ያቋርጣል፤ በዚያ የውጭው ግፊት 89 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የጎማው ሙቀት ባይለወጥ ኖሮ መለኪያው ወደ 28 ይወርድ ነበር። ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሲያድግ ግን የውስጥ ግፊቱ በጋዝ ሕግ መሠረት ወደ 300 ኪሎ ፓስካል ይወጣል፤ መለኪያውም ከ30 ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ሁለቱ ለውጦች እርስ በርስ ይጣፋሉ ማለት ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ ጎማው ከአየሩ በላይ ስለሚግል ንባቡ ያሳስታል። ስለዚህ ጎማ የሚለካው ከጉዞ በፊት፣ ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ የጋለ ጎማን «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ በየዙሩ እየታጠፈ ስለሚዘረጋ ይግላል፣ በመጨረሻም ሊፈነዳ ይችላል።

ፍሬን፦ ቁጥሩ የሚያስፈራበት ቦታ

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከነጭነቱ 30,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ሲወርድ የሚያጣው እምቅ ጉልበት፦

30,000 × 9.8 × 1,300 = 382 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው።

ይህ ጉልበት ከ1,100 ሊትር በላይ ውኃን፣ ማለትም ከአምስት በርሜል በላይ የሆነውን፣ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ያሞቃል። መኪናው ፍጥነቱን ሳይጨምር እንዲወርድ ከተፈለገ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ሹፌሩ ፍሬን ብቻ ረግጦ ቢወርድ አብዛኛው ሙቀት በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ያርፋል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የሰበቃ ኃይሉ ይቀንሳል፤ እግር ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በከባድ ማርሽ መውረድ ያስፈለገበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሞተሩ የሙቀቱን ድርሻ ይወስዳልና።

የፍሬን ዘይትም ያረጃል። ይህ ፈሳሽ በጊዜ ብዛት ከአየሩ ርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ደንብ ሲያስገድድ፣ ርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ነጥብ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ በቧንቧው ውስጥ ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ ጋዝ ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ወለሉን እስኪነካ ቢረገጥም ግፊቱ ጎማው ዘንድ አይደርስም። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው በፋብሪካው መመሪያ በተወሰነው ጊዜ ዘይቱን መለወጥ ነው። ሂሳቡን ከአንድ መኪና ሙሉ ሰው ሕይወት ጋር ማነጻጸር ለአንባቢ እንተወዋለን።

የሣር ማጨጃ ሞተርም እንዲሁ

በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የምናየው የሣር ማጨጃ ሞተር ትንሽ ቢመስልም በአያያዙ ከባጃጅ አይለይም። የአየር ማጣሪያ አለው፣ ብዙውን ጊዜም የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ክንፎቹን የሚደፍነው ግን በጭቃ ፈንታ የተከተፈ ሣር ነው። ምላጩ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና በደቂቃ 3,000 ዙር ቢዞር፣ ጫፉ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ድንጋይ ነክቶት በአንድ ወገን፣ ከመሐሉ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ 10 ግራም ብቻ ቢጎድል፣ ሚዛኑ የተዛባው ምላጭ ዘንጉን በ200 ኒውተን ገደማ ኃይል ይጎትተዋል። ይህም 20 ኪሎ ግራም ጭነት በሰከንድ 50 ጊዜ እየዞረ እንደሚጎትተው ያህል ነው። መንቀጥቀጥ የጀመረ ማጨጃ ስለዚህ ወዲያውኑ ይቆማል። ከሥሩ የተጣበቀው ርጥብ ሣር ከመጠረጉ በፊትም ሞተሩ ጠፍቶ የካንዴላው ሽቦ ይነቀላል፤ ምላጩ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊነሣ ይችላልና።

እንዴት ይታጠብ?

የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋም፤ ብረት በድንገት ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ኃይለኛ የላቫጆ ውኃ በኩሽኔቶችና በኤሌክትሪክ መገናኛዎች ላይ በቀጥታ አይለቀቅም። ከታጠበ በኋላ ታምቡሩ ርጥብ ስለሚሆን፣ ቀስ ብሎ እየነዱ ፍሬኑን ደጋግሞ በመንካት ማድረቅ ይገባል። በወንዝ ዳር ወይም እንደ ዘንገና ባለ ሐይቅ አጠገብ ማጠብ ግን ዘይቱንና ሳሙናውን ለሌላው ጠጪ ማስተላለፍ ነው። አሮጌ ዘይትም በዕቃ ተጠራቅሞ ይቀመጣል እንጂ መሬት ላይ አይደፋም።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ የምንጨብጠው አንድ ነገር ነው። ቆሻሻ አየርን ይዘጋል፣ ሙቀትን ያፍናል፣ ሰበቃን በማይፈለግበት ቦታ ያበዛል። ከዚያም በላይ የሚንጠባጠበውን ዘይት፣ የተሰነጠቀውን ጎማና የላላውን ብሎን ከዓይን ይሸፍናል። ማጠብ ማለት እንግዲህ መመርመር ማለት ነው። ቤተሰቡ ባጃጅ ያለው ተማሪ በዚህ ሳምንት የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ መታ መታ ያድርገው፤ ጨርቁ ላይ የሚቀረው አቧራ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስረዳዋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ብልኃት ከኮርቻው ሥር ለሚወጣ ገጣባ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ለሞተርና ለፍሬንም ይሠራል።