የጉሮሮ ሕመምና የተማሪው ልብ

ለልምምድ ማስተማር ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ትምህርት ቤቶች ስንወጣ ባንድ ዴስክ ሦስት አራት ልጅ ተጠጋግቶ እናገኛለን። አንዱ ጉሮሮውን ሲያመው «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነች ብርዱስ መቼ ጠፍቶ! ነገር ግን ሕመሙን የሚያመጣው ተህዋስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ። ተጠጋግቶ መቀመጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

ስትሬፕቶኮከስን ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ አንዳንድ ጊዜ ጠላቱን ከራሱ አካል መለየት ያቅተዋል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁን ትኩሳት ይይዘዋል፤ ጉልበቱ ያብጣል፣ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ ይቀጥላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን፣ ማለትም የእኛኑ ተማሪዎች ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ የልብ ክዳን፣ ቫልቭ የሚሉት፣ ከተጎዳ ግን ጠባሳው ሊቀር ይችላል። በሽታው በተመላለሰ ቁጥርም ጉዳቱ ይብሳል።

እኛን መምህራንን በተለይ የሚመለከት ሌላ ምልክት አለ። አንዳንዱ ልጅ ከወራት በኋላ እጁ ሳያዘው ይወራጫል፣ ፊቱ ይጣመማል፣ እስክሪብቶ ከጁ ይወድቃል፤ ደህና የነበረው ጽሕፈቱ ይበላሻል። ያው የተሳሳተ መከላከያ አንጎሉን ነክቶት ነው። ታዲያ መምህሩ «ቀበጠ» ብሎ ያንበረክከዋል፣ ቤተሰብ «ለክፎት ነው» ብሎ ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉ ይቅር አልልም፤ ጤና ጣቢያው ግን አይቅር።

ይህ ባክቴሪያ ዱሮም የታወቀ ገዳይ ነው። በቪየና ሆስፒታል አራሶችን ይፈጅ የነበረው ትኩሳት ዋና መንስኤ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ዶክተር ዜመልቫይስ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በእሱ ክፍል በ1846 ከመቶ እናቶች 11 ያህል ይሞቱ የነበረው በ1848 ወደ 1 ገደማ ወረደ። ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም፤ ተህዋሱን ፓስተር በይፋ ያሳየው በ1879 ነው።

በኛ አገር ጉሮሮ ሲታመም እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። ምላጩ ባክቴሪያውን አያወጣም፤ ይልቅስ ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል። የሚያድነው ፔኒሲሊን ነው፤ ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል። የልብ ክዳን ከተበላሸ በኋላ ነገሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሕፃናት የልብ ማዕከል ተከፍቷል፤ ቢሆንም ለአንድ መርፌ የሚወጣው ገንዘብና ለአንድ ቀዶ ሕክምና የሚወጣው ምን ያገናኘዋል?

አንዴ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ እንዳይመለስበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። እንዲህ ያለ ተማሪ ሲያጋጥመን የመርፌውን ቀን ስም መጥሪያው ላይ እንጻፍለት፤ ያን ዕለት ቢቀር ቀሪ ተብሎ እንዳይቀጣ፣ ቀኑን ቢረሳም እንድናስታውሰው።